መብራት የጠፋው እኛ ጋ ብቻ ነው?

በእኛ ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚበራው ቴሌግራም ነው። ጨለማው ሳሎን ገብቶ ሳይደላደል የብሎካችን ግሩፕ መንጫጫት ይጀምራል። «መብራት የጠፋው እኛ ጋ ብቻ ነው?» ይላል አንዱ። ሰውዬው ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ከሶፋው ተነስቶ መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርግ ከአያት እስከ ጣፎ ድቅድቅ ያለ ጨለማ መሆኑን በዓይኑ ያያል። አይነሳም። ይጽፋል። መልስም አያጣም። «እኛም ጋ የለም» ይላል ከላዩ ያለው። «ሙሉ ብሎኩ ነው» ትላለች ጎረቤቱ፣ ከአንዲት የብሎኬት ግድግዳ ወዲያ ሆና። ጮክ ብላ ብትናገር ያለ ኔትወርክ ይሰማት ነበር።

ከዚያ ነገሩ ይደራል። አንዱ የሻማ ስዕል ይለጥፋል። አንዱ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ከፍተህ ስትሰማው የሕፃን ለቅሶና «እንዴ፣ እየቀዳ ነው?» የሚል ብቻ ነው። አጋጣሚ የማያመልጠው ነጋዴ ጎረቤትም አለን፦ «ቻርጅ የሚደረግ አምፖል የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።» አንዲት እናት ከሌላ ግሩፕ የመጣ ጸሎት ያስተላልፋሉ፣ «ለአሥር ሰው ካልላካችሁ» የሚል ማስፈራሪያ ያለው። ይሄኔ የግሩፑ አድሚን፣ ማለትም የብሎኩ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ትዕግሥታቸው ያልቃል፦ «ይህ ግሩፕ ለመብራት፣ ለውሃና ለቆሻሻ ጉዳይ ብቻ ነው!!!» ሦስት ቃለ አጋኖ። እሳቸውም ጨለማ ውስጥ ናቸው።

መብራቱ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ያለ ሕፃን ሁሉ በአንድ አፍ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ማንም አላስተማራቸውም። እኛም ልጆች ሆነን እንዲሁ እንጮህ ነበር። የዛሬዎቹ ካርቱናቸውን በእናታቸው ስልክ ሲያዩ የቆዩ ናቸው፤ መብራት መጣ ቀረ ብዙም የጎደለባቸው ነገር የለም። ጩኸቱን ግን አልተዉትም። በዚያች ሰከንድ ብሎኩ በሙሉ አንድ ቤት ይሆናል። ከዚያ በሮቹ ተዘግተው እንዳሉ ሁሉም ወደየስልኩ ይመለሳል።

ስልክ አእምሯችንን በላው፣ ትኩረታችንን ሰረቀን ሲባል እሰማለሁ። ባለሙያ በሬዲዮ ይመክራል። ምክሩን ቆርጠው ቲክቶክ ላይ ይለጥፉታል። እኛም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እናየውና «እውነቱን እኮ ነው» ብለን ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ምክሩ አይከፋም። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ ይለኛል። መቼ ነው እኛ እንዲህ ትኩረታችን የተሰበሰበ ሰዎች የነበርነው?

የእኛ ሰፈር የከተማው ዳር ነው። ዳር ማለት ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚቆፈርበት ቦታ ነው። ዛሬ ለውሃ መስመር፣ ነገ ለኬብል፣ ከነገ ወዲያ ኬብል ቀባሪዎቹ የበጠሱትን የውሃ መስመር ለመጠገን። ታዲያ ኤክስካቫተር መጥቶ መሬቱን መጫር ሲጀምር ሰው ይቆማል። በፌስታል ቲማቲም ይዞ የሚመለስ ይቆማል። ሥራ የረፈደበት ይቆማል። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጡረተኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ከብቶቹን ትቶ የመጣ እረኛ ይጨመራል። «ይሄ ልጅ እጁ ጥሩ ነው» ይላል ጡረተኛው ስለ ኦፕሬተሩ። «ያ ባለፈው የመጣው ይሻላል፤ ይሄ ያባክናል» ይላል ባለቲማቲሙ። አንዳቸውም ኤክስካቫተር ነድተው አያውቁም። ጉድጓዱም አይመለከታቸውም። ግማሽ ሰዓት ግን እንደ ዋዛ ሄዷል። ይህንን ማንም የኤክስካቫተር ሱስ ብሎት አያውቅም። ባለሙያም አልመከረበት።

ቴሌቪዥንም ያው ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሣጥኑ ተራው ሰው ሰፈር እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ባደግሁበት ሰፈር ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች በጣት ይቆጠሩ ነበር። ሣጥኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ የሳሎኑ ትልቁ ሰው እሱ ነበር። ቅዳሜ ማታ የሰፈሩ ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባና ሲሚንቶው ላይ ይደረደራል። የባለቤቶቹ ልጅ በዚያች ምሽት ንጉሥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በብይ ያራቆተው ልጅ ካለ በር ላይ ያስቀረዋል፤ ይግባኝ የለም። ድራማው ሲጀምር ያየነውን እናውቀዋለን፣ ያላየነውን ከፊታችን የተቀመጠው ባለ ትልቅ ጭንቅላት ልጅ ያውቀዋል። ሲያልቅ እናትየው «በሉ እንግዲህ፣ ወደየቤታችሁ» ይላሉ። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራው ያንኑ ነው። ጊዜ ማባከን ነው ከተባለ ሁላችንም አንድ ላይ ነው ያባከንነው።

የእኔም ነገር እዚህ ላይ ነው። መዘናጋት እንግዳችን አይደለም። ድሮ ግን ስንዘናጋ አብረን ነበር።

ታክሲ የሚጠቀም ሰው ይህንን ይበልጥ ያውቀዋል። ከአያት ወደ መሐል ከተማ በባቡር መሄድ ይቻላል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መነሻው አያት፣ መድረሻው ጦር ኃይሎች ነው። በሥራ መግቢያ ሰዓት ግን ባቡሩ ውስጥ ሰው ከመታጨቁ የተነሳ እጁን ኪሱ ድረስ መላክ አይችልም። ስልክ ማውጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ካማረህ ሚኒባስ ነው የሚሻልህ። ከኋላ የተቀመጠ ሒሳቡን በሦስት ሰው እጅ አሳልፎ ይልካል፤ መልሱ በሦስት ሰው እጅ ይመለሳል። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለሦስት ነው» ይባላል፤ የማታውቀው ሰው ክርን ጎንህ ውስጥ ገብቶ እስከ መገናኛ ይሄዳል። እንዲህ ተጠጋግቶ ደግሞ የሰው ስልክ አለመስማት አይቻልም።

በቅርቡ አንድ ጠዋት ሲኤምሲ ሚካኤል አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልኩ ጠራ።

«ሄሎ! ... አዎ፣ ደርሻለሁ እኮ። መገናኛ ነኝ።»

ማንም አልተገረመም። ሁላችንም መገናኛ ሳንደርስ መገናኛ ደርሰን እናውቃለን። ሰውዬው ግን ቀጠለ።

«ምን? ... አይ! ... ማን ነው እሱን የነገራት? ... እኔ? እኔ ወጥቶኝ አያውቅም። ... ኧረ በእመቤቴ! ... በቃ፣ እንደዚያ ከሆነ ቀለበቱን ትመልስ!»

ታክሲው ጸጥ አለ። ረዳቱ «ሒሳብ» ማለቱን ተወ። አጠገቤ ያለችው ልጅ የአንድ ጆሮዋን ኢርፎን ቀስ ብላ አወጣች፤ ስክሪኗ ላይ የሚደንስ ሰው ብቻውን መደነሱን ቀጠለ። ጎልማሳው «እሺ፣ እሺ፣ ስደርስ እናወራለን» ብሎ ዘጋ። መገናኛ ነኝ ብሎ አልነበር? እሱም ረሳው።

አሁን ምን ይደረግ? ቀለበቱ ምንድነው? የማን ነው? ማን ለማን ይመልስ? አሥራ ሁለት ሰው ይህንን ጥያቄ ይዞ በመስኮት ያያል። ሰው አይጠየቅም፤ ነውር ነው። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና ችግራችንን ፈቱልን።

«ልጄ፣ ቀለበቱ ግን የማን ነው?»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ሳቀ። ዞር ብሎ «የእህቴ ነው፣ ማዘር» አለና ከሥሩ ጀመረ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። የቀረው የእጮኛዋ ወገን ነው፣ ሽማግሌ ተልኮ ነበር፣ መሐል ላይ አንዲት የአክስት ልጅ ወሬ አመላልሳለች። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ታክሲው ለሁለት ተከፍሏል፦ ትመልስ የሚሉና የሰጠ እጅ አይቀበልም የሚሉ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ትመልስ ባይ ነኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አንዱ ተሳፋሪ መውረጃውን አልፎ ከሄደ በኋላ ነው «ኧረ ወራጅ!» ያለው።

ይህ ነገር ጥናት ተሠርቶበታል ስል የሚስቅ ይኖራል። ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሎረን ኤምበርሰን የተባለች ተመራማሪ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ ጋር ሆና የታተመ ሥራ አላት። ተፈታኞች ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ኮምፒውተር ላይ እየሠሩ የሰው ንግግር እንዲሰሙ ተደረገ። አንዳንዴ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ለብቻው ሲተርክ፣ አንዳንዴ ደግሞ የስልክ ጭውውት የአንዱን ወገን ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እምብዛም አላወኳቸውም። ግማሹን ብቻ ሲሰሙ ግን ሥራቸው ተበላሸ። አእምሯችን ሰው ሲናገር ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመተ ነው የሚሰማው። ግማሹ ሲጎድል ግምቱ አይሠራም፤ አይሠራምና ሌላ ሥራውን ጥሎ እዚያው ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ቀለበቱን ያዳመጥነው ወሬ ወዳጆች ስለሆንን ብቻ አይደለም። ወሬ ወዳጆች መሆናችንን ግን አልክድም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ተረት ለስልክ ተናጋሪ የተተረተ ይመስለኛል። ድምፁ ምን ያህል እንደሚጮኽ የማይሰማው ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

አንዳንዴ ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይሆንም። ለቅሶ ቤትን እንመልከት። የእኛ ሰፈር ዕድር ድንኳኑን የሚተክለው በብሎኮቹ መሐል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ቡና በትልቁ ጀበና ይፈላል። እንግዲህ በእኛ ባህል ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ቀን ይለቀሳል፤ ማታ ግን ሥራው ሌላ ነው። ማታ ሐዘንተኛውን ማጫወት ነው። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። ደግሞ የትኛውም ዕድር ውስጥ አንድ ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም። እሱ በሟች ደግነት ነው የሚጀምረው፤ ቀስ ብሎ ወደ ሟች ግትርነት ይሻገራል፤ ከዚያ ሟች አንድ ቀን ከበግ ሻጭ ጋር እንዴት እንደተጣላ ይመጣል። አንዱ በጋቢው አፉን ይዞ ይስቃል። ሌላው ይከተላል። በመጨረሻ ሐዘንተኛው ራሱ ይስቃል፣ ስቆም ያለቅሳል፣ እንባውን ጠርጎ «እውነት ነው፣ በጉን እኮ መልሶ ወሰደለት» ይላል። ይህ መዘናጋት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ግን ሰው ተሰብስቦ፣ አስቦበት ለሌላ ሰው ብሎ የሚዘናጋው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ላይ አምሽቼ ደረስኩ። ከሩቅ ድንኳኑን ሳየው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። የሚነጋገር የለም። ሐዘኑ ምን ያህል ቢከብድ ነው ብዬ እርምጃዬን ቀዝቀዝ አደረግሁ። ቀርቤ ሳይ ስልክ ነው። ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ ፊቶች ከሥር እየበሩ ነው። ጥግ ላይ ያለ ጎረምሳ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ ሳቁን አፍኖ ነው። ምን እንዳሳቀው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ካርታውም አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሚነካው ግን የለም።

ሐዘንተኛው ወንድማቸውን የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው። መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ግራ ያያሉ፣ ወደ ቀኝ ያያሉ። ንፍሮውን በመዳፋቸው ይዘው አንድ አንድ ፍሬ ያነሳሉ። እኔ ገብቼ «ያጥናዎት» ብዬ ተቀመጥኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ አሉና መልሰው ዝም። ከዚያ ወደዚያ ጎረምሳ ዘንበል አሉ።

«ምን አለ እዚያ ውስጥ?»

ልጁ ደነገጠ። ስልኩን ሊከት ሲል ምን እንደታየው እንጃ፣ አዙሮ አሳያቸው። አህያ ነች። ጭነት ተጭና አስፋልት መሐል ቆማ አልሻገርም ብላለች። ባለቤቷ ይገፋታል፣ ይለምናታል፣ ተቀምጦ ይመክራታል፤ ከኋላ የተደረደረው መኪና ጡሩምባውን ያቀልጠዋል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወጡ። «እስኪ ድገመው» አሉ። ደገመው። «የእኛም አባት እንዲህ ዓይነት ነበረቻቸው» አሉ፣ «ወንድሜን ጅሩ መንገድ ላይ ጥላው ጠፍታ...» ወሬው ተጀመረ። ከወዲያኛው አግዳሚ ሁለት ሰዎች ተነስተው መጡ። ትንሽ ቆይቶ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ስድስት ጭንቅላት ተደፍቷል፤ የሚያወራው ግን ስክሪኑ አይደለም፣ ሽማግሌው ናቸው።

ያ ጎረምሳ ያደረገው ነገር ቢኖር ስልኩን ማዞር ነው።

ጠብ ላይ ደግሞ የሚያስቅ ለውጥ መጥቷል። ጣፎ የባጃጅ ተራ ጋ ሁለት ሰዎች ሲያያዙ አየሁ። ድሮ ቢሆን ገላጋይ ከሰማይ ይወርድ ነበር። አሁን ሰው ክብ ሠርቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆመ። ጠበኞቹ ግራ ገባቸው። ሰው እኮ የሚሰነዝረው ገላጋይ መኖሩን ተማምኖ ነው። «ልቀቁኝ!» ለማለት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ማንም አልያዛቸውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተገፋፉና ተያይተው፣ አንደኛው ኮሌታውን አስተካክሎ፣ በየፊናቸው ሄዱ። ይሄኛውን ለክፋት ልቁጠረው ለደግነት እስካሁን አልወሰንኩም።

አብሮ መዘናጋት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማለቂያ አለው። ከብዙ ሰው መሐል አንዱ ይደክመዋል፣ አንዱ ልጅ ትቶ መጥቷል፣ አንዱ ይርበዋል። «እንግዲህ ልነሳ» ይላል። «ምነው፣ ሳይመሽ?» ይባላል። ይነሳል። በር ላይ ቆሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ደረጃ ላይ ይቀጥላል። ምድር ደርሶ «እንዳትረሳ!» የሚል ጩኸት ከአራተኛ ፎቅ ይከተለዋል። ስንብታችን ረጅም ነው፤ ግን ሄዷል። ስልኩ ውስጥ ግን ልነሳ የሚል የለም። እንዲያውም እንዳይኖር ሆኖ ነው የተሠራው። ድሮ አንድ ገጽ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረብን፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ የሶፍትዌር ዲዛይነር ገጹ ሳያልቅ ራሱ እየቀጠለ የሚወርድበትን ዘዴ ሠራ። ሰውዬው በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል። ጣታችን ግን አሁንም እየወረደ ነው። እሱ «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ ሲያነሳው በር ላይ ቆመው «በሉ እንግዲህ፣ ወደየቤታችሁ» የሚሉትን እናት አብሮ ነው ያነሳቸው።

ይህን ስል ግን የድሮውን ሰፈር ልናፍቅላችሁ አይደለም። አብሮ የሚያይ ዓይን አንተንም ያያል። በጥቁር ፌስታል ምን ይዘህ እንደገባህ፣ ማን እንደሸኘህ፣ ስንት ሰዓት መብራት እንዳጠፋህ ሰፈሩ ይቆጥራል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ተማሪ ከጓደኛዋ ጋር ማታ በጽሑፍ ስታወራ ማንም አይሰማትም። እናቷ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ነፃነት አላገኙም፤ የእሳቸውን የፍቅር ደብዳቤ ያነበበው መጀመሪያ አድራሹ ልጅ ነው፣ ቀጥሎ የአድራሹ ታላቅ ወንድም። እንግዲህ ስልክን መራገም ቀላል ነው፤ ለዚያች ልጅ ግን ስልኳ በር ያለው የራሷ ክፍል ነው።

አብሮ መዘናጋት ገና ያልሞተበት ቦታ ቢኖር ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ወጣት የመግቢያውን ከፍሎ አግዳሚው ላይ ይጣበቃል። የአርሰናል ወገን በግራ፣ የማንቸስተር ወገን በቀኝ። እዚያም ስልክ ገብቶ ነበር። ችግሩ የስልኩ ውጤት ከቴሌቪዥኑ ይቀድማል። ኳሷ ገና መሐል ሜዳ እያለች ዳታ ያለው አንዱ ልጅ «ገባ!» ብሎ ይነሳል። ሰማንያ ሰው ደስታውን ተቀማ። በዚያ ቀን ልጁ የወጣው በሩን በእግሩ ሳይሆን በሰው እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ በማርከር ጽፎ ለጥፏል፦ «ላይቭ ስኮር ማየት ክልክል ነው።» ሕጉ ይከበራል። ስለ ስልክ አጠቃቀም የወጣ የሚከበር ሕግ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አላየሁም ስል የእማማን ሕግ ረስቼ ነው። እማማ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ የእሑድ ቡና እሳቸው ጋ ነው። ጥሪው ድሮ በልጅ ይላክ ነበር፣ አሁን በሚስድ ኮል ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ አቦሉ ሊቀዳ ነው ማለት ነው። ገብተን ስንቀመጥ ሁላችንም ስልካችንን ቡፌው ላይ እናስቀምጣለን። ቡና እየጠጣ ስልክ ያነሳ ሰው የሚቀጥለውን እሑድ ቡና ይገዛል። የቡና ዋጋ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ቡፌው ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚዞር ስልክ እያየን ጥርሳችንን ነክሰን እንቀመጣለን።

አንድ እሑድ ቶናው ላይ ሳለን የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ስልክ ጠራ። ዘጋ። እንደገና ጠራ። ተነስታ ስሙን አየች። ታናሽ እህቷ ናት። «ቡናውን እገዛለሁ፣ በቃ» አለችና አነሳችው።

«ሄሎ ... ደህና ነን ... እ ... እንዴ! ... መቼ? ... ከማን ጋር?»

ሲኒዎች አየር ላይ ቀሩ።

«አልሰማሽም! ... ከማን ጋር ነው ያልሽው?»

እማማ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጡና በእጃቸው ምልክት አሳዩዋት። አልገባትም። ወደ ጆሮዋ ተጠግተው በሹክሹክታ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ሹክሹክታ፣ «ስፒከር ላይ አድርጊው!» አሏት።

አደረገችው። የእህቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ቆይ፣ ብቻሽን ነሽ?»

ጎረቤታችን ሁላችንንም አየችን። ስምንት ሰው፣ ሁለት ሕፃን፣ አንድ ሣህን ፈንዲሻ።

«ብቻዬን ነኝ» አለች። «ንገሪኝ።»